ማሽኑ ምን ጠገነ?

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የመጣው ከቱሉ ዲምቱ ነው። ጸሐፊዋ ስሟ እንዳይወጣ ስለጠየቀች «መ.» እላታለሁ። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምሠራው ከተማው ዳር ባለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። ፈረቃ ስንቀያየር ሪፖርት የምንጽፈው በእንግሊዝኛ ነው። ባለፈው ሳምንት ‹ዘ ማሽን ሃዝ ሪፔርድ የስተርደይ› ብዬ ጻፍኩ። ከውጭ የመጣው ሱፐርቫይዘራችን በሰው ፊት ‹ማሽኑ ምን ጠገነ?› አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን ምን እንዳጠፋሁ እስካሁን አልገባኝም። አንድ ባልደረባዬ ‹ነገሩ ከቆየ ዋዝ፣ ቅርብ ከሆነ ሃዝ በይ› ብሎ መከረኝ። ከዚያ ‹ኤ ፕሮብለም ዋዝ ሃፕንድ› ብዬ ጻፍኩ። እሱም ስህተት ነው ተባልኩ። 10ኛ ክፍል እያለሁ ሰዋስው ጥሩ ነበርኩ። ፎርሙላውን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። ስጽፍ ግን ይጠፋብኛል። ፓሲቩን መቼ፣ ፕሬዘንት ፐርፌክቱን መቼ ልጠቀም? ለሱፐርቫይዘርነት ለማመልከት ደብዳቤ እየጻፍኩ ስለሆነ ፈጠን ቢሉልኝ።»

እህት ዓለም፣

በሰው ፊት መታረም ያማል። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶ ማንሳት ራሱ ያስፈራል። አንቺ ግን መጻፍ አላቆምሽም፤ ይባስ ብለሽ ጠየቅሽ። ደስ ብሎኛል። አሁን የሱፐርቫይዘሩን ጥያቄ ከሳቁ ለይተን እንየው። «ማሽኑ ምን ጠገነ?» ነው ያለሽ። መልሱ ያለው እዚያው ጥያቄው ውስጥ ነው። አንቺ ልትዪ የፈለግሽው «ማሽኑ ተጠግኗል» ነው። የጻፍሽው ግን «ማሽኑ ጠግኗል» ሆነ። ማሽኑ መፍቻ ይዞ ሌላ ነገር የጠገነ መሰለ። በአማርኛ ቢሆን የጎደለችው አንዲት ፊደል ናት፤ «ተ»። በእንግሊዝኛው የጎደለችው አንዲት ቃል ናት፤ «ቢን»።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «ፓሲቩን መቼ፣ ፕሬዘንት ፐርፌክቱን መቼ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። አንድ ጥያቄ ይመስላል እንጂ ሁለት ነው። አንደኛው፦ የምጽፍለት ነገር ሥራውን ራሱ ሠራ ወይስ ተሠራበት? ሁለተኛው፦ የማወራው አልፎ ስለተዘጋ ጊዜ ነው ወይስ አሁንን ስለሚነካ ነገር? ፓሲቭ፣ ማለትም ተደራጊው፣ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ነው። ፕሬዘንት ፐርፌክት የሚመልሰው ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ አንዱን ከሌላው ማማረጥ አያስፈልግም። «እንጀራው የጤፍ ነው ወይስ ትናንት የተጋገረ?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው። የጤፍም ሆኖ ትናንት የተጋገረም ሊሆን ይችላል።

መደበላለቁ የአንቺ ድክመት አይመስለኝም። ብዙዎቻችን የተማርነው እንዲህ ነው። አንድ ሰሞን ፕሬዘንት ፐርፌክት ይሰጠናል፤ «ሃቭ ወይም ሃዝ ሲደመር ቪ ስሪ» ብለን እንይዛለን፤ ቪ ስሪ የግሱ ሦስተኛ መልክ ነው። ቆይቶ ፓሲቭ ቮይስ ይመጣል፤ «ቱ ቢ ሲደመር ቪ ስሪ»። የሁለቱም ጭራ ቪ ስሪ ነው። ከዚያ ፈተና ላይ አንዱ ‹ኤ›፣ ሌላው ‹ቢ› ላይ ተቀምጠው ምረጥ እንባላለን። ተማሪው ሁለቱ ጠበኞች ይመስሉታል። እኔ የማታ ተማሪዎች ሳስተምር በየክፍሉ ያየሁት ይህንኑ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በእንግሊዝኛ ነው የሚሰጠው፤ ልጁ ባዮሎጂውንም ፊዚክሱንም በእንግሊዝኛ ያነባል። የራሱን ቀን በእንግሊዝኛ እንዲጽፍ የሚጠየቀው ግን ስንቴ ነው? ጭንቁ የሚመጣው ሥራ ከተያዘ በኋላ፣ እንዳንቺ የፈረቃ ሪፖርት ፊት ሲቀመጥ ነው።

አሁን ፎርሙላውን ለጊዜው እርሺው። ከራሳችን ቋንቋ እንነሳ። «መላክ» የሚለውን ግስ ያዢ። ላከ። ተላከ። ልኳል። ተልኳል። እነዚህን አራቱን ከልጅነትሽ ጀምሮ ተሳስተሻቸው አታውቂም። «ካርቶኑ ልኳል» ብለሽ አታውቂም፤ ጆሮሽ አይቀበለውም። ልብ ብለሽ እያቸው። ፊት ላይ የምትገባው «ተ» ተደራጊ ታደርጋለች። መጨረሻ ላይ የሚቀጠለው «አል» ደግሞ ነገሩን ወደ አሁን ይጎትታል። ሁለቱ የተለያዩ ቁልፎች ናቸው። ለየብቻም፣ አብረውም ይሠራሉ።

እንግሊዝኛውም አራት አለው። ላከ፣ «ሰንት»። ተላከ፣ «ዋዝ ሰንት»። ልኳል፣ «ሃዝ ሰንት»። ተልኳል፣ «ሃዝ ቢን ሰንት»። እንግዲህ «ዋዝ» የሚቀመጠው በ«ተላከ» ቦታ ነው። «ሃዝ» ብቻውን ከሆነ «ልኳል» ነው፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ላኪው ራሱ ነው። «ተልኳል» ለማለት ሁለቱም ቁልፎች ያስፈልጋሉ፤ «ሃዝ» ጊዜውን፣ «ቢን» ተደራጊነቱን ለማሳየት።

መጋዘን ውስጥ ስለምትሠሪ የምትይዥው ዘዴ ልስጥሽ። የእቃ ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን ቢን ካርድ ታውቂያለሽ። አንድ እቃ ገብቶ ቢን ካርዱ ላይ ካልሰፈረ ቆጠራ ሲመጣ ጉድ ይፈላል። ይሄኛው «ቢን» ቃሉ ሌላ ነው፤ በእንግሊዝኛ አጻጻፉም ይለያል። ግን አያያዙ አንድ ነው። ስለ እቃ «ሃዝ» ወይም «ሃቭ» ብለሽ ስትጀምሪ «ቢን አስገብቻለሁ?» ብለሽ እይ። እቃ አይቀበልም፣ አይልክም፣ አይጠግንም። ይቀበሉታል፣ ይልኩታል፣ ይጠግኑታል። ስለዚህ ካርቶን፣ ማሽን፣ ጨርቅ፣ ክር የሚል ስም ፊት ለፊት ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ወይ «ዋዝ» ወይ «ሃዝ ቢን» ነው የሚከተለው። ባዶ «ሃዝ» የሰው ነው፤ «ዊ ሃቭ ሪሲቭድ ዘ ካርተንስ»፣ ካርቶኖቹን ተቀብለናል።

የመጀመሪያው ጥያቄ በዚህ አለቀ። የሚያስቸግረው ሁለተኛው ነው፤ ጊዜው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ባልደረባሽ «ቅርብ ከሆነ ሃዝ» ያለሽ ከክፋት አይደለም። ከየት እንዳመጣውም ይገባኛል። በአማርኛ ሰዋስው «ልኳል» ዓይነቱን «የቅርብ ኃላፊ» እያልን ነው የተማርነው። ስሙ ነው ያሳሳተው። ሰው «ቅርብ» ሲል ሰዓት ይቆጥራል። እንግሊዝኛው ግን ሰዓት አይቆጥርም። ኢሜይሉን ከአምስት ደቂቃ በፊት ልከሽው ከሆነ «አይ ሰንት ኢት ፋይቭ ሚኒትስ አጎ» ነው የምትዪው። አምስት ደቂቃ ከዚህ በላይ ምን ይቀርባል? ግን «ሃቭ» አይገባም፤ ሰዓቱን ጠቅሰሽዋልና። በሌላ በኩል ላሊበላን ያየሽው የዛሬ ሃያ ዓመት ቢሆንም «አይ ሃቭ ሲን ላሊበላ» ማለት ትችያለሽ። ሃያ ዓመት ሩቅ ነው። ያየሽው ነገር ግን ዛሬም አብሮሽ አለ።

ታዲያ መለያው ምንድን ነው? እኔ የምኖረው ጣፎ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው። ማታ ስገባ ጎረቤቴን ደረጃው ላይ አገኛታለሁ። «ውሃ ተለቋል» ካለችኝ ጫማዬን ሳላወልቅ ወደ ጀሪካኑ ነው የምሮጠው። «ጠዋት ውሃ ተለቆ ነበር» ካለችኝ ግን ቁጭ እላለሁ። በሁለቱም ንግግር ውሃው ተለቋል። የሚለየው አሁን ቧንቧውን ብከፍት ምን አገኛለሁ የሚለው ነው። «ዘ ዋተር ሃዝ ቢን ተርንድ ኦን» የመጀመሪያው ነው፤ ተነስ፣ ሩጥ ይላል። «ዘ ዋተር ዋዝ ተርንድ ኦን ዚስ ሞርኒንግ» ሁለተኛው ነው፤ የጠዋቱን ታሪክ ይነግረኛል፣ አሁን ስላለው ግን ምንም አይለኝም። ሁለቱም ፓሲቭ መሆናቸውን ልብ በይ። ፓሲቭነቱ አልተቀየረም። የተቀየረው ጊዜው ብቻ ነው።

ሪፖርት ስትጽፊም ራስሽን ይህን ጠይቂ። የሚቀጥለው ፈረቃ ይህን አንብቦ አሁን የሚያደርገው ነገር አለ? «ዘ ማሽን ሃዝ ቢን ሪፔርድ» ካልሽ ተረካቢው ሄዶ ማሽኑን ያስነሳል። «ዘ ማሽን ዋዝ ሪፔርድ የስተርደይ» ካልሽ የጥገናውን ቀን መዘገብሽለት። ሁለቱም ትክክል ናቸው። የትኛውን መናገር እንደፈለግሽ የምታውቂው አንቺ ነሽ።

ስፖርት ትወጂ እንደሆነ አላውቅም፤ ግን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ፈጥኖ የሚገባቸው ምሳሌ የሯጮቹ ነው። አበበ ቢቂላ በኦሎምፒክ ማራቶን ሁለት ወርቅ አግኝቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም፣ በ1964 ቶኪዮ። ኃይሌ ገብረሥላሴም በ10,000 ሜትር ሁለት አለው፤ በ1996 አትላንታ፣ በ2000 ሲድኒ። በአማርኛ ለሁለቱም «አግኝቷል» እንላለን፤ እኔም አሁን አልኩ። በእንግሊዝኛ ግን ይለያያሉ። ስለ ኃይሌ «ሃዝ ዎን ቱ ጎልድ ሜዳልስ» ይባላል፤ በሕይወት አለና ታሪኩ ክፍት ነው። ስለ አበበ ግን «ዎን» ብቻ ነው፤ በ1973 ዐርፏል፣ ያ ሕይወት ተዘግቷል። አሁን የኃይሌን ዓመት ጥቀሺ። «ኢን 1996» ባልሽበት ቅጽበት እሱም «ዎን» ይሆናል። ሰውየው አልተለወጠም። ዓመቱ በሩን ዘጋው።

እዚህ ጋ አማርኛ ያሳስተናል። ከሁሉም በላይ ማወቅ ያለብሽ ይሄን ይመስለኛል። እኛ «ትናንት ልኬልሃለሁ» እንላለን። ንጹሕ አማርኛ ነው። «ሰኞ ዕለት ተጠግኗል»፣ «ባለፈው ወር ተመርቋል» ብንልም ማንም አይከለክለንም። የአማርኛው «አል» ከ«ትናንት» ጋር በሰላም ይኖራል። የእንግሊዝኛው «ሃዝ» ግን ከ«የስተርደይ» ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አይቀመጥም። ስለዚህ ጭንቅላታችን ውስጥ «ትናንት ተጠግኗል» የሚል ጥሩ አማርኛ ይመጣል፤ ቃል በቃል ስናሻግረው «ሃዝ ቢን ሪፔርድ የስተርደይ» ይሆንና ይበላሻል። ያንቺ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይህም ነበረበት። «ቢን» ብትጨምሪበት እንኳ «የስተርደይ» ስላለ አይድንም ነበር። ትክክሉ «ዘ ማሽን ዋዝ ሪፔርድ የስተርደይ» ነው። «ላስት ዊክ»፣ «ኦን መንደይ»፣ «አጎ» ያለበት ሁሉ፣ ዓመት የተጠቀሰበትም ሁሉ እንዲሁ ነው። «መቼ» ብሎ መጠየቅም ያው ነው፤ «ዌን ዋዝ ኢት ሪፔርድ?» ይባላል እንጂ «ዌን ሃዝ ኢት ቢን ሪፔርድ?» አይባልም።

«ቱዴይ» ሲሆንስ? ቀኑ ገና ስላላለቀ ሁለቱንም ይቀበላል። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሆነሽ «20 ካርተንስ ሃቭ ቢን ሪሲቭድ ዚስ ሞርኒንግ» ብትዪ ያምራል፤ ጠዋቱ እየሄደ ነው፣ ሌላም መኪና ሊመጣ ይችላል። ያንኑ ነገር ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስትጽፊው «ዌር ሪሲቭድ ዚስ ሞርኒንግ» ይሆናል። ጠዋቱ አልቋል።

ከዚህ ተነስቼ ለሪፖርትሽ አንድ አካሄድ ልንገርሽ። የእንግሊዝኛ ዜና ስታዳምጪ ልብ በይው። መጀመሪያ ላይ ነገሩን በ«ሃዝ ቢን» ይጥሉታል፤ አዲስ መንገድ ተከፍቷል። ከዚያ ዝርዝሩ ሁሉ በ«ዋዝ» ይቀጥላል፤ መቼ፣ የት፣ በማን። እኛ በአርዕስት «መንገዱ ተመረቀ» ብለን በቀላል ኃላፊ እንጀምራለን፤ እነሱ በፐርፌክት ነው የሚጀምሩት። አንቺም እንዲሁ አድርጊ። የመጀመሪያዋ ዓረፍተ ነገር ተረካቢው ማወቅ ያለበትን ትንገር፤ «ዘ ዚፐርስ ሃቭ ቢን ዴሊቨርድ»። ሁለተኛዋ ዝርዝሩን ትያዝ፤ «ዜይ ዌር ዴሊቨርድ አት 3 ፒኤም ኤንድ ዌር ስቶርድ ኢን ሮው 4»። ሁለቱን ሳታደበላልቂ በየቦታቸው አስቀመጥሻቸው ማለት ነው። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር መጻፍሽን አትርሺ፤ 3 ፒኤም የእኛ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ወደ ሁለተኛው ስህተትሽ ልምጣ። «ኤ ፕሮብለም ዋዝ ሃፕንድ»። ይሄ የመጣው ደግሞ «ተ»ን ከመጠን በላይ ከማመን ነው። ቅድም «ተ» ተደራጊ ታደርጋለች ብዬሻለሁ። እውነት ነው፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። ተከሰተ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ተጓዘ። ሁሉም «ተ» አላቸው፤ አንዱም ግን ተደራጊ አይደለም። ማንም አላነሣሽም፣ ራስሽ ነሽ የተነሳሽው። እንግሊዝኛው እነዚህን በፓሲቭ አይወስዳቸውም። «ኤ ፕሮብለም ሃፕንድ» ብቻ በቂ ነው። «ኤክሲደንት ዋዝ ሃፕንድ» የሚል ጽሑፍ በየቢሮው አያለሁ። ከ«ተከሰተ» የተሻገረ ነው።

እንዴት ትለዪዋለሽ? «በማን?» ብለሽ ጠይቂ። ካርቶኑ ተጫነ። በማን? በጫኞቹ። መልስ አለው፤ ፓሲቭ ነው። ችግር ተከሰተ። በማን? ጥያቄው ራሱ ትርጉም የለውም። ፓሲቭ አይደለም።

አንዳንዱ ቃል ደግሞ እንደ ባለቤቱ ይለያያል። እቃው ጉድለት ኖሮት ለአቅራቢው ከተመለሰ «ዘ ጉድስ ዌር ሪተርንድ» ነው፤ የመለሰው ሰው አለ። ሠራተኞቹ ከምሳ ከተመለሱ ግን «ዘ ወርከርስ ሪተርንድ» ነው። «ዌር ሪተርንድ» ካልሽ በር ላይ ያባረራቸው ሰው ያለ ይመስላል። በአማርኛ ሁለቱም «ተመለሱ» ናቸው። በየቀኑ የሚያስፈልግሽ «ተበላሸ»ም እዚሁ ውስጥ ነው። ማሽኑ ተበላሸ፣ «ዘ ማሽን ብሮክ ዳውን»። «ዋዝ» የለበትም። አሁንም እንደቆመ ከሆነ «ሃዝ ብሮክን ዳውን»። እዚህ «ቢን» አታስገቢ፤ ማሽኑን ያበላሸው ሰው የለም፣ ራሱ ነው የቆመው። ቅድም እቃ ሁሉ «ቢን» ይፈልጋል ያላልኩትም ለዚህ ነው፤ «አብዛኛውን ጊዜ» ያልኩት ይህን ይዤ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ከሰዋስው አለፍ ይላል። አማርኛ «ተሰበረብኝ»፣ «ተቀደደብኝ» የሚል ውብ ነገር አለው። «ብርጭቆው ተሰበረብኝ» ስል ሆን ብዬ እንዳላደረግኩት፣ ግን በእጄ ላይ እንደሆነ፣ ማዘኔንም ጭምር በአንድ ቃል ተናገርኩ። እንግሊዝኛ ይህቺ «ብኝ» የለችውም። ወይ «አይ ብሮክ ዘ ግላስ» ብለሽ ሙሉውን ትወስጂዋለሽ፣ ወይ «ዘ ግላስ ዋዝ ብሮክን» ብለሽ ሰሪውን ታጠፊዋለሽ። መጋዘን ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። «3 ካርተንስ ዌር ዳሜጅድ» የሚል ሪፖርት ሲነበብ ቀጣዩ ጥያቄ «ማን?» ነው። ያልጻፈ ሰው ደግሞ የደበቀ ይመስላል። የመጡት ተጎድተው ከሆነ ጻፊው፤ «ዜይ ዌር ዳሜጅድ ቢፎር ዴሊቨሪ»። ይህ አንቺንም ይጠብቅሻል። ሰሪው ግልጽ የሆነበት የዕለት ተዕለት ሥራ ላይ ግን ፓሲቭ ምንም ክፋት የለውም። ካርቶኖቹን ማን እንዳወረደ በየቀኑ ማወቅ የሚፈልግ የለም።

ስለ «ጀስት»፣ «ኦልሬዲ» እና «ዬት» ብዙ አልልም። ትምህርት ቤት እነዚህን ካየሽ ፐርፌክት ነው ተብለሻል። የእንግሊዝ አነጋገር ያንን ይመርጣል። አሜሪካኖች ግን «አይ ኦልሬዲ ሰንት ኢት» ማለት ይቀናቸዋል። ከደንበኛ እንዲህ ያለ ኢሜይል ቢመጣ ተሳስቷል ብለሽ እንዳትደነግጪ። አንቺ ስትጽፊ በ«ሃቭ» ብትጽፊው ከሁለቱም ወገን የሚያርምሽ የለም። በቴሌግራም ደግሞ «ኢትስ» አሳጥረው ይጽፋሉ። አንዳንዴ «ኢት ኢዝ» ነው፣ አንዳንዴ «ኢት ሃዝ»። ቀጥሎ «ቢን» ከመጣ «ሃዝ» ነው፤ «ኢትስ ቢን ሰንት» ማለት ተልኳል ነው።

አሁን ወደ ማመልከቻሽ። ረቂቁን አብረሽ ልከሽልኛል፤ ሦስት ቦታ ላይ እስክሪብቶዬን አሳርፌያለሁ።

የመጀመሪያው «አይ ወርክ ሂር ሲንስ 2012» ያልሽው ነው። በአማርኛ «ከ2012 ጀምሮ እዚህ እሠራለሁ» ስለምንል ነው፤ «እሠራለሁ» የአሁን ጊዜ ነውና እንግሊዝኛውንም እንደዚያ አደረግሽው። «ሲንስ» ካለ ግን «አይ ሃቭ ወርክድ ሂር» ነው። ዛሬም እዚያው ስለሆንሽ «አይ ሃቭ ቢን ወርኪንግ ሂር»ም ይሆናል። እዚህ ያለው «ቢን» ፓሲቭ አይደለም፤ ቀጥሎ «ኢንግ» ያለው ግስ ስለመጣ ሥራው ሳይቋረጥ መቀጠሉን ነው የሚናገረው። «ቢን» ፓሲቭ የሚሆነው ቪ ስሪ ሲከተለው ነው። ደግሞ ዓመቱ። የጀመርሽው ጥር 2012፣ ከጥምቀት በኋላ ባለው ሳምንት ነው ብለሽኛል። በፈረንጆቹ ያ ጃንዋሪ 2020 ነው። «ሲንስ 2012» ብለሽ ከተውሽው የውጭ ሰው ስምንት ዓመት ገደማ ጨምሮ ያነበዋል፤ የልደትሽን ዓመት ሲያይ ደግሞ ግራ ይጋባል። ለውጭ ሰው በሚሄድ ደብዳቤ ላይ ዓመቱን ሁሉ ወደ አንድ አቆጣጠር አምጪው።

ሁለተኛው «አይ ሃቭ ግራጁዌትድ ኢን» ብለሽ ዓመት የጠቀስሽበት ነው። ዓመት አለ፣ «ሃቭ» ይወጣል። «አይ ግራጁዌትድ» በቂ ነው። «ተመረቅኩ» የሚለው «ተ» ይዞሽ «አይ ዋዝ ግራጁዌትድ» እንዳትዪም።

ሦስተኛውን ያቆየሁት ስለከበደኝ ነው። «አይ ሃቭ ቢን ትሬይንድ ፎር ኒው ወርከርስ» ብለሻል። በደብዳቤሽ ላይ በአማርኛ እንደነገርሽኝ ከሆነ አራት አዲስ ሠራተኞችን አሰልጥነሻል። ቆጠራ እንዴት እንደሚሠራ፣ ካርዱ እንዴት እንደሚሞላ ያሳየሻቸው አንቺ ነሽ። እንግሊዝኛው ግን አንቺን ሰልጣኝ አድርጎሻል። በዚያ ላይ «ፎር» የሚለው ድምፅ አራትም «ለ»ም ስለሚሆን ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል፤ ለአዲስ ሠራተኞች ተብሎ የተዘጋጀ ሥልጠና የወሰድሽ ይመስላል። ቅድም «ቢን» ጎድሎ ማሽኑን ጠጋኝ አድርጎት ነበር። እዚህ «ቢን» ተርፎ የሠራሽውን ሥራ ወሰደብሽ። አውጪው። «አይ ሃቭ ትሬይንድ 4 ኒው ወርከርስ»። ዓመት አትጥቀሺ፣ ልምድሽ ነው፣ ዛሬም አብሮሽ አለ። አራቱንም በአኃዝ ጻፊው። እኔ ብሆን ይህቺን ዓረፍተ ነገር ከሦስተኛው አንቀጽ አንስቼ መጀመሪያው አንቀጽ ላይ አስቀምጣት ነበር፤ ለሱፐርቫይዘርነት የሚፈልጉት ሰው ያሰለጠነን ሰው ነውና።